ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባን በብሬነር አሻግሮ ወደ ቬኒስ ላጉና ስለ መጎተት

ከደቡብ ጀርመን ተነሥቶ በቬኒስ ላጉና በሚደረግ የሸራ ውድድር ለመካፈል ጀልባውን የሚጎትት ሰው ሐሳቡ በአልፕስ ተራሮችና በላጉናው ነፋስ መካከል ይከፈላል። ጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚያስተጓጉለው ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ ነገር፣ ጀልባውን የሚሸከመው ተጎታች ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ዳገትና ቁልቁለቱን ጨርሶ ለሰዓታት ሲሽከረከር ከቆየ በኋላ እንደ ሞቀ ጨው ውኃ ውስጥ ይነከራል። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር በዙሪያው ያለውን ውኃ በላስቲክ መከለያው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጨዉም ከግራሱ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ይበላዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ግን በዚያው ቀን ሳይሆን በመልሱ ጉዞ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ነው። ከዚህ በታች ስለ ጭነት፣ ስለ ፍጥነትና ስለ መነሻ ሰዓት የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ወደዚሁ ጉዳይ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

መንገዱና ከፍታው

ከሙኒክ በኢንስብሩክ፣ በብሬነር፣ በቦልዛኖ፣ በትሬንቶና በቬሮና በኩል እስከ ሜስትሬ ያለው መንገድ ወደ 540 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተጎታች ለያዘ ሰው ከእረፍት ጋር ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት መመደብ ተገቢ ነው። በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለው የብሬነር የተራራ ማለፊያ ከፍታ 1,370 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ላደገ ሰው እዚህ ግባ የሚባል ላይመስለው ይችላል። ነገር ግን ተጎታችን የሚፈትነው የቦታው ከፍታ ሳይሆን መውጣቱና መውረዱ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ በጭነት መኪና የወረደ ሹፌር ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከኢንስብሩክ እስከ ማለፊያው ያለው ዳገት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከማለፊያው እስከ ቦልዛኖ ያለው መውረጃ ግን 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚህ ርቀት ውስጥም መንገዱ ከ1,100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ዳገቱ የሞተሩ ፈተና ነው፤ ሞተር ደግሞ ሲቸገር ሙቀቱን በጠቋሚው ያሳያል። ቁልቁለቱ የፍሬንና የጎማ ፈተና ነው፤ እነዚህ አስቀድመው አያስጠነቅቁም።

ከሳልዝቡርግ አካባቢ ለሚነሣ ሰው በታወርን፣ በፊላኽ፣ በታርቪዚዮና በኡዲኔ የሚያልፈው መንገድ የተሻለ ነው። ከፍተኞቹን ተራሮች እያንዳንዳቸው ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝሙ ሁለት ዋሻዎች ውስጥ ስለሚያልፍ ዳገትና ቁልቁለቱ ለስለስ ያለ ነው። ከጋርሚሽ በኩል ወደ ኢንስብሩክ መውረድ ግን ለጎታች አይመከርም፤ በዚርል ያለው ቁልቁለት ዝቅታው 16 በመቶ ይደርሳል፣ በተጎታች ላይም ገደብ አለበት። በኩፍሽታይን በኩል የኢን ሸለቆን ተከትሎ መሄድ ርቀቱን ቢጨምርም የኋላ ኋላ ድካም ይቀንሳል።

ክብደቱ የት እንደሚያርፍ

የአውሮፓ ቢ መንጃ ፈቃድ የተፈቀደ ከፍተኛ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ ግራም የሆነ ተጎታች ለመጎተት ይፈቅዳል። ተጎታቹ ከዚያ ከከበደ መኪናውና ተጎታቹ በአንድነት ከ3,500 ኪሎ ግራም መብለጥ የለባቸውም። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በሰነዱ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ክብደት እንጂ በዕለቱ የተጫነው አይደለም። እንደ ዌይፋረር ያለ 4.82 ሜትር ርዝመትና 170 ኪሎ ያህል የቀፎ (የባዶ አካል) ክብደት ያለው ጀልባ ከነተጎታቹና ከነዕቃው ከ750 በታች በቀላሉ ይቀራል። ሆኖም የድንኳን፣ የምግብ፣ የመጠጥ ውኃና የመልሕቅ ክብደት ሳይታወቅ እየተጠራቀመ ይሄዳልና አንድ ጊዜ በሚዛን ላይ አውጥቶ ማየት ይጠቅማል።

ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ አነዳዱን የሚወስነው በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። የጀርመን ደንብ ይህ ጫና ቢያንስ የተጎታቹን ትክክለኛ ክብደት 4 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከ25 ኪሎ በላይ እንዲሆን ግን አያስገድድም። በተግባር ግን ከዝቅተኛው ይልቅ ለመኪናውና ለተጎታቹ ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ጋር መቀራረብ ይሻላል። ልኬቱ ቀላል ነው፤ የቤት ሚዛን መሬት ላይ ይቀመጥና በመጎተቻው አፍ ሥር የእንጨት ድጋፍ ቆሞበት፣ ተጎታቹ አግድም ሆኖ ሲያርፍ ቁጥሩ ይነበባል። ጫናው ካነሰ ጀልባው በተጎታቹ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ይሳብ፤ ከበዛ ወደ ኋላ ይገፋ። መልሕቁንና ከባዱን ዕቃ ከመንኮራኩሩ ዘንግ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ያስቀምጡ። በኋለኛው ጫፍ ላይ የተጫነ ከባድ ዕቃ ተጎታቹ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ የሚያደርግ ዋነኛ ምክንያት ነው። በእኔ ግምት ከሞተር ኃይልና ከዋጋ ውድነት ይልቅ ይህ አንድ ልኬት ለጉዞው ሰላም የበለጠ ዋጋ አለው።

ጀልባውን የሚይዙት ማሰሪያዎች ቀፎው በድጋፎቹ ላይ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ማለፍ ይኖርባቸዋል፤ በባዶው መካከል የተወጠረ ማሰሪያ ቀጭኑን ፋይበር ያጎብጠዋል። ማጥበቂያው ጥርስ ያለው ከሆነ ኃይሉ ብዙ ስለሆነ በልክ ይጥበቅ። ማሰሪያውን ከማጥበቅዎ በፊት አንድ ጊዜ ጠምዝዘው ቢያሳልፉት በነፋስ አይንጫጫም። አፍንጫው ወደ ፊትና ወደ ታች በራሱ ገመድ መታሰር አለበት፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ጀልባው ወደ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ይኸው ነው። ምሰሶው ለብቻው በሁለትና በሦስት ቦታ ይታሰራል እንጂ የጀልባው ማሰሪያ በላዩ ላይ አይወጠርም። ከ30 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ሁሉም እንደገና ይፈተሽ፤ አዲስ የተወጠረ ማሰሪያ በመንገድ ንዝረት መላላቱ የማይቀር ነው።

ከጀልባው ግርጌ ያለው የውኃ ማፍሰሻ ቡሽ በጉዞ ላይ ክፍት ይሁን። የአልፕስ ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊወርድ በሚችለው መጠን ሲታሰብ ይህ ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢጠራቀም 100 ኪሎ ግራም ነው፣ ይህም በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት፣ በዳገት ጊዜ ወደ ኋላ የሚፈስ ጭነት ነው። ቡሹን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አስሮ መያዝ ደግሞ ጀልባው ውኃ ላይ ከወረደ በኋላ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል።

ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን

የትንሽ ተጎታች ጎማ ከመኪናው ጎማ ያነሰ ስለሆነ ለአንድ ዓይነት ርቀት የበለጠ ዙር ይዞራል፤ ስለዚህም ኩሽኔታው ከመኪናው ይልቅ ይደክማል። ተጎታቹን በክሪክ አንሥተው ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩት። የሚንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ፣ ወይም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያንቀሳቅሱት ክፍተት ከተሰማዎ ከመነሣትዎ በፊት ኩሽኔታው ይቀየር። ግራሱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ጎማው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ይታይ፤ የጀልባ ተጎታች በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ጎማው የሚያረጀው በመቆም ነው። በጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አሐዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በጀርመን ተጎታች በፈጣን መንገድ ላይ የሚፈቀድለት ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ለ100 ልዩ ፈቃድ ያገኘ ተጎታች ጎማው ስድስት ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። መለዋወጫ ጎማ ሲይዙ ክሪኩና የቡሎን መፍቻው ከተጎታቹ ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውን ደጃፍዎ ላይ ሞክረው ያረጋግጡ፤ የመኪናው ክሪክ ለዝቅተኛ ተጎታች ብዙ ጊዜ አይመችም።

የጎታቹ መኪና የፍሬን ዘይትም ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይቀየር። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲሞቅ ቶሎ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን እስከ ወለል ያስረግጣል። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው ሁሉንም ጭነት የሚያቆመው መኪናው ብቻ ስለሆነ ይህ በብሬነር ቁልቁለት ላይ ትልቅ ነገር ነው።

ክፍያና ደንብ

በኦስትሪያ በኢን ሸለቆ ፈጣን መንገድ ላይ ለመጓዝ ቪኜት የሚባለው ተለጣፊ ወይም ዲጂታል የመንገድ ክፍያ ያስፈልጋል፤ ለተጎታቹ ግን ሌላ ቪኜት አይጠየቅም። ከኢንስብሩክ እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ ከቪኜቱ ውጭ ለብቻው ይከፈልበታል። በጣሊያን በኩል ቪፒቴኖ ካለው የክፍያ ጣቢያ ቲኬት ይወሰድና ሲወጡ በርቀቱ ልክ ይከፈላል። በዚያ የተሽከርካሪ ደረጃ የሚወጣው በመንኮራኩር ዘንግ ብዛት ስለሆነ፣ ባለ አንድ ዘንግ ተጎታች የያዘ የቤት መኪና ባለ ሦስት ዘንግ ሆኖ ይቆጠራል።

የጣሊያን ሕግ ጭነት ከኋላ ከተሽከርካሪው ርዝመት ከአሥር ሦስት እጅ በላይ እንዲወጣ አይፈቅድም፤ የወጣውም ጫፍ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጭና ቀይ ሰያፍ መስመር ያለው አንጸባራቂ ሰሌዳ ሊንጠለጠልበት ይገባል። ከተጎታቹ የሚረዝም ምሰሶ ላለው ሰው ይህ ሰሌዳ ከመነሻው ጀምሮ ይኑረው። በጀርመን የሚበቃው ቀይ ጨርቅ ከድንበሩ ማዶ አያገለግልም። ፍጥነቱም በጣሊያን ፈጣን መንገድ ላይ ለተጎታች 80፣ ከከተማ ውጭ ባሉ ሌሎች መንገዶች 70 ነው። አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ከሙኒክ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ዳገቱን በቀዝቃዛ አየር መውጣት ነው፤ ሁለተኛው ትራፊኩን መቅደም ነው። በጰራቅሊጦስ ሰሞን የባየርን ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ብሬነር በመኪና ይጨናነቃል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቅዘፊያ ብቻ የሚካሄደው፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ቮጋሎንጋ የተባለው የቬኒስ የጀልባ ጉዞም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰሞን ስለሚውል ጀልባ የሚጎትተው ሰው ብዙ ነው። በማለፊያው አቅራቢያ ያለው የሉግ ድልድይ በጥገና ምክንያት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በመደበኛ ቀናት በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ሆኗል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የቲሮል ባለ ሥልጣናት አላፊ መኪኖች ከፈጣኑ መንገድ ወጥተው በመንደሮቹ ውስጥ እንዳያቋርጡ ይከለክላሉ፤ የመንገድ መሪ መሣሪያዎ አቋራጭ መንገድ ቢጠቁምዎም አይከተሉት።

በዳገቱ ላይ በቀኝ መስመር፣ ዝቅ ባለ ማርሽ፣ ከጭነት መኪኖች ጋር አብሮ መውጣት ማፈሪያ አይደለም። የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ማለት ከጀመረ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉና ማሞቂያውን ይክፈቱ፤ ለተሳፋሪ ባይመችም ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይወስዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. ተመርቆ የተከፈተው፣ 190 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአውሮፓ ድልድይ ላይ ከጎን የሚመታ ነፋስ ይጠብቁ። በዚያ ሸለቆ ፎን የሚባለው ከደቡብ የሚነፍስ ሞቃት ነፋስ በድንገት ይበረታል፤ ጀልባው የተሸፈነበት ሸራ ከቀፎው ጋር ተጣብቆ ካልታሰረም እንደ ሸራ ሆኖ ነፋሱን ይይዛል።

ተጎታቹ መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጁን ይልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱም በራሱ እንዲወድቅ ይጠብቁ። በመሪ እየተከተሉ ለማረም መሞከር ውዝዋዜውን ያባብሰዋል፤ ፍጥነት ጨምሮ ለማስተካከል መሞከር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ከቆሙ በኋላ በመጎተቻው ላይ ያለውን ጫና እንደገና ይመልከቱ።

ከማለፊያው በኋላ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ። ዳገቱን በየትኛው ማርሽ ወጡ? በዚያው ወይም ከዚያ ዝቅ ባለው ይውረዱ። ፍሬኑን አጠንክረው ለአጭር ጊዜ ይርገጡና ይልቀቁ፤ ለረጅም ጊዜ በስሱ ተረግጦ የሚቆይ ፍሬን ለመቀዝቀዝ ፋታ አያገኝም። ተጎታቹ ወደ ፊት ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለው ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ መኪናው በሞተር ብቻ ቢዘገይም ተጎታቹ መጎተቻውን ስለሚገፋ ፍሬኑ በቁልቁለቱ ሁሉ ሳይለቅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ዝግ ብሎ መውረድና ከቦልዛኖ በፊት ሁለት ጊዜ ያህል ማቆም ነው። በእያንዳንዱ ማቆሚያ የእጅዎን ጀርባ ወደ ጎማዎቹ ማዕከል ያቅርቡ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ሞቅ ቢሉ ምንም አይደለም፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ግን የያዘ ፍሬን ወይም የተበላሸ ኩሽኔታ አለና ከዚያ አይቀጥሉ።

ከትሬንቶ በቫልሱጋና በኩል ወደ ባሳኖ ዴል ግራፓ የሚወስደው መንገድ አጭርና ክፍያ የሌለበት ነው፤ ሆኖም ጠባብ ክፍሎችና ብዙ የጭነት መኪና አሉበት። የመጀመሪያ ጉዞዎ ከሆነ በቬሮና ዞረው በሜዳው ላይ ቢሄዱ ይሻላል።

ወደ ላጉናው ማውረድ

መኪና ወደ ቬኒስ ከተማ የሚገባው በነጻነት ድልድይ እስከ ፒያሳሌ ሮማ ብቻ ስለሆነ ተጎታች ይዘው ወደዚያ አይሂዱ። ጀልባ የሚወርደው ከየብሱ በኩል፣ ለምሳሌ ሜስትሬ አጠገብ ባለው ፑንታ ሳን ጁሊያኖ ወይም በየሶሎ በኩል በሚደረስበት ካቫሊኖ ትሬፖርቲ ነው። ማውረጃው የክበብ ንብረት ከሆነ ሰዓቱንና የተጎታች ማቆሚያውን አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ።

እንደ ደረሱ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። ተጎታቹ ይቁም፤ የጎማው ማዕከል መዳፍዎን ሳያቃጥል ሊይዙት የሚችሉት እስኪሆን ይቀዝቅዝ። በዚህ መሀል ማሰሪያው ይፈታ፣ ሸራው ይዘጋጅ፣ ቡሹ ይዘጋ። ምሰሶውን ከማቆምዎ በፊት ቀና ብለው የኤሌክትሪክ መስመር በላይዎ አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ከቆመ በኋላም እስከ ውኃው ያለውን መንገድ ሁሉ በዓይንዎ ይከተሉ። የመብራቱን መሰኪያ ይንቀሉ፤ መብራቶቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ከሆኑ ሰሌዳውን አውልቀው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡት።

ወደ ኋላ ሲነዱ እጅዎን ከመሪው ግርጌ ላይ ያኑሩ፤ እጅዎ ወደሚሄድበት ጎን የተጎታቹም ጀርባ ይሄዳል። አጭር ተጎታች ፈጥኖ ስለሚጣጠፍ በጣም ዝግ ይበሉ። ማውረጃው ላይ አረንጓዴ አልጌ ከሚጀምርበት መስመር በታች የመኪናው ጎማ አይለፍ፤ ያ ቦታ ያንሸራትታል። ማውረጃው ለስለስ ያለ ከሆነ ተጎታቹን ከመኪናው ነጥለው በረጅም ገመድ ማውረድ ይቻላል። ጀልባው ከተጎታቹ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድ ከሆነም ኩሽኔታው ጭራሽ ውኃ ሳይነካው ሥራው ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለት ሰው ካለ ይህን እመርጣለሁ።

ላጉናው 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ በአማካይ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዌይፋረር ቀፎ ሥር ወደ ውኃ የሚገባው የመሃል ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 1.17 ሜትር ስለሚደርስ፣ ብሪኮሌ በሚባሉት በአንድነት የታሰሩ የእንጨት ግንዶች ከተመለከቱት ጥልቅ መስመሮች ሲወጡ ሰሌዳውን በግማሽ ማንሣት ግድ ነው። የአካባቢው ሳንዶሎና ቶፖ የሚባሉት ጀልባዎች ግርጌያቸው ጠፍጣፋ የሆነው በከንቱ አይደለም። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት በተመለከተ ከተማዋ የምታወጣው ትንበያ የሚነበበው በ1897 እ.ኤ.አ. በፑንታ ዴላ ሳሉቴ ከተወሰደው ዜሮ አንጻር ነው፤ የዛሬው የባሕር ወለል ከዚያ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ስለዚህ «50 ሴንቲ ሜትር» የሚል ትንበያ ከተለመደው የውኃ ወለል ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ውኃ ማለት ነው። ከሳን ጁሊያኖ ወደ ደቡቡ የላጉና ክፍል ለማለፍ በነጻነት ድልድይ ቅስቶች ሥር መሻገር ስለሚያስፈልግ ምሰሶው በውኃ ላይ እያሉ ሊወርድ የሚችል መሆን አለበት፤ መቅዘፊያም ሊለይዎ አይገባም።

መልሱ

ከውድድሩ በኋላ ጀልባው ከመጫኑ በፊት ተጎታቹ ጨው በሌለው ውኃ ይታጠብ፤ ጎማዎቹ፣ የፍሬኑ ገመድ፣ ምንጮቹና የመብራት መሰኪያው አይዘለሉ። ማዕከሉ ግራስ መስጫ ካለው የድሮው ግራስ እስኪወጣ አዲስ ይሰጠው፤ የወጣው ነጣ ካለ ንጹሕ ግራስ እስኪመጣ ድረስ ይቀጥሉ። በኃይል የሚረጭ ማጠቢያ ግን ወደ ላስቲክ መከለያው አይነጣጠር፤ ውኃን ወደ ውስጥ ለማስገባት ከዚያ የበለጠ ፍቱን መንገድ የለም። ፍሬን ያለው ተጎታች ከታጠበ በኋላ ጥቂት ሜትር ተነድቶ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ቢያዝ ውኃው ይራገፋል። ተጎታቹ ጨው እንደያዘ ካደረ ፍሬኑ ዝጎ ሊጣበቅ ስለሚችል የእጅ ፍሬኑን ሳይስቡ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት አስደግፈው ያቁሙት።

ማሰሪያዎቹና በመጎተቻው ላይ ያለው ጫና እንደገና ይለኩ፤ እርጥብ ሸራና ገመድ ከመጡበት ይልቅ ይከብዳሉ፣ ምግብና ውኃውም አልቆ ክብደቱ ቦታ ቀይሯል። መልሱ ረጅሙን መንገድ ሽቅብ የሚያስኬድ ስለሆነ ከቦልዛኖ በኋላ በመጀመሪያው ማቆሚያ የጎማዎቹን ማዕከል በእጅ መፈተሽ አይቅር፤ አንዱ ጋለ ከተባለ ከዳገቱ በታች ባለ ከተማ መካኒክ መፈለግ ከማለፊያው ላይ ተጎታች ጫኝ መኪና ከመጥራት እጅግ ይቀላል።